ጠለፈች፣ ተጠለፈች

ከአንድ ቃል ልነሣ። በአማርኛ «ጠለፈች» ስንል መርፌና ክር ይዛ በጨርቅ ላይ አበባ የምታወጣ ሴት ትታየናለች። «ተጠለፈች» ስንል ግን ያቺው ሴት በሰው ጉልበት ስትወሰድ ነው የምናየው። ሥሩ አንድ ነው። የሚለየው አድራጊዋ ማን፣ ተደራጊዋ ማን የሚለው ብቻ ነው። አንዲት «ተ» ባለሙያዋን ምርኮኛ ታደርጋታለች። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ከዚህች ፊደል መላቀቅ አቅቶኝ ሰነበትሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የገጠር ሴቶች በባህላዊ የመርፌ ሥራ ራሳቸውን ሲችሉ» ይላል። ደግ ርዕስ ነው። ግን እስቲ አብረን እናስብ፤ መርፌ ብቻውን ሴትን ራሷን የሚያስችል ቢሆን ኖሮ፣ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ሲሰፉና ሲጠልፉ ስለኖሩ እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም ባለጸጋ እነሱ በሆኑ ነበር። አልሆኑም። ጣቷ የተካነ፣ ኪሷ ባዶ የሆነ ሴት በየአገሩ ሞልታለች። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መርፌው ውበት አይደለም። ስለ ውበቱ የሚናገር ሰው አይጠፋም፤ እንዲያውም ውበቱን አብዝቶ የሚያወድስ ሰው ዋጋው ላይ ሲደርስ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አንዲት ባለሙያ ዘንድ የተጠለፈ ጨርቅ አይቼ ወደድሁት። ዋጋውን ነገረችኝ፤ ቀንሺ አልኋት፤ ወዲያው ቀነሰች። ደስ ብሎኝ ይዤው ሄድሁ። ቤት ገብቼ ጨርቁን ስገለብጠው ጀርባው ከፊቱ አይተናነስም፤ የክሩ ጫፍ የት እንደተደበቀ እንኳ አይታወቅም። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የሚያየው ይባላል፤ እኔ የነቃሁት ከከፈልሁ በኋላ ነበር። አንድ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ስንት የመርፌ ምልልስ እንዳለ መቁጠር ጀምሬ ታከተኝና ተውሁት። እሷ ግን ሠርታዋለች። ያን ያህል ፈጥና ለምን ቀነሰችልኝ? ልግስና አልነበረም። የሥራዋን ሰዓት ቆጥራው አታውቅም።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የመርፌ ሥራ ትልቁ በጎነት መቋረጥ መቻሉ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ታስቀምጪዋለሽ፣ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ ታጥፊዋለሽ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ታነሺዋለሽ። ሽመና ለዚህ ያን ያህል አይመችም፤ እርሻም አይመችም። ጥልፍ በቤት ሥራ መካከል በተገኘች ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ወጥመዱም ይኸው ነው። ስንት ቀን ፈጀብሽ ብላችሁ ብትጠይቋት «እንጃ፣ በትርፍ ጊዜዬ ነው የሠራሁት» ትላችኋለች። ቋንቋችን እዚህም ላይ ጨካኝ ነው፤ የእሷ ትርፍ ጊዜ የነጋዴው ትርፍ ይሆናል።

አንድ የአንገት ጥልፍ 60 ሰዓት ወሰደ እንበል። ባለሙያዋ ዋጋ ስታወጣ ክሩን ትደምራለች፣ ጨርቁን ትደምራለች፣ ምናልባትም የመንገድ ወጪዋን ትደምራለች። 60 ሰዓቱን አትደምርም። ከክርና ከጨርቅ በላይ ያገኘችውን ጥቂት ገንዘብ ትርፍ ትለዋለች። ገንዘቡን ለ60 ብታካፍለው ግን በቀን ሥራ ድንጋይ የምትሸከም ሴት በሰዓት ከምታገኘው ያንሳል። እንዲህ ብላ እንድታካፍል ያስተማራት ስለሌለ፣ ደላላውም እንድታካፍል ስለማይፈልግ፣ ድካሟ የፍቅር ሥራ ተብሎ ይቀራል። ባህላዊ ጥበብን ለመደገፍ የሚደረግ ሥልጠና ሁሉ ከአዲስ ንድፍ በፊት በዚህ ማካፈል ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቁ ረኃብ ገባ። ገዳማትና የቀሳውስት ሚስቶች ለገጠር ሴቶች የዳንቴል ሥራ አስተማሩ። ክሎንስ በምትባል ስፍራ የቄስ ሚስት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ በ1847 ሥራውን አስጀመሩ። የቬኒስን ውድ ዳንቴል በኪሮሽ አስመስሎ መሥራት ነበር ነገሩ፤ ሀብታሞች ወደዱት፣ ብዙ ቤተሰብም በሴት ልጅ ጣት ረኃቡን ተሻገረ። ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ ልጅን ከሞት ያተረፈ ሥራ ነው። አሠራሩን ስታዩት ግን አንዷ ጽጌረዳ ብቻ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ፤ ሦስተኛዋ እነዚህን ታያይዛለች። ጽጌረዳ ብቻ የምታውቅ ሴት አንድ ሙሉ የአንገት ዳንቴል ይዛ ገበያ መውጣት አትችልም። ጽጌረዳዋን የሚሰበስብ ሰው ካልመጣ ጽጌረዳዋ ምንም ናት። በዚያ ላይ ልብሱ የሚለበሰው በሩቅ ከተማ ነው፤ እዚያ ፋሽኑ ሲለወጥ እዚህ ምድጃው ይጠፋል። በ1863 ደግሞ ኢዛክ ግሮብሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ሺፍሊ የሚባለውን የጥልፍ መኪና ፈለሰፈ፤ የማሽን ጥልፍና ዳንቴልም ገበያውን አጥለቀለቀው። የአየርላንዷ ሴት መርፌ ነበራት፣ ጥበብ ነበራት፣ ገቢም ነበራት። ያልነበራት ከገዢው ጋር የሚያገናኛት የራሷ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሕንድ፣ ጉጃራት ወደሚባለው ግዛት እንሻገር፤ እዚያ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ካች የተባለው ምድር በረሃማ ነው፤ ከብት አርቢ ጎሣዎች ይኖሩበታል፤ እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ የጥልፍ ዓይነት አለው። ልብሱን ያየ ሰው ሴቲቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አግብታ እንደሆነና እንዳልሆነች ያውቃል ይባላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ድርቅ ገባ። ቻንዳ ሽሮፍ የተባሉ ሴት በረኃብ ለተጎዱት የእርዳታ ምግብ ለማደል ዳኔቲ ወደምትባል መንደር ሄዱ። መንደርተኛው ነጻ ምግብ መቀበል ከበደው፤ ሥራ ስጡን አለ። ሽሮፍ ሴቶቹ የለበሱትን ተመለከቱ። ጨርቅና ክር አምጥተው ሳሪ የተባለውን የሴቶች ልብስ እንዲጠልፉ ሰጧቸው፤ ሳሪዎቹ ሙምባይ ላይ ወዲያው ተሸጡ። በ1969 ሽሩጃን የተባለው ድርጅት ተወለደ። ሽሮፍ በ2006 የሮሌክስ ሽልማት አግኝተዋል፤ በ2016 ዐርፈዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የምወደው ሽልማቱን አይደለም። መንደርተኞቹ ከሁሉ በፊት እምቢ ማለታቸውን ነው። የተራበ ሰው ምጽዋት እምቢ ሲል እጄ ላይ ያለው ነገር ዋጋ አለው ማለቱ ነው፤ ዋጋውን ግን በወቅቱ አያውቀውም ነበር። በድርቅ ዘመን በዚያ አካባቢ ብዙ ሴት ለሠርጓ የጠለፈችውን፣ ከእናቷ የወረሰችውን ልብስ በር ለበር ለሚዞር ነጋዴ በርካሽ ሸጣለች። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች «ጥንታዊ ጨርቅ» ተብሎ መስተዋት ውስጥ የሚሰቀለው አንዳንዱ ከእንዲህ ያለ ቀን የተገኘ ነው። ጠላፊዋ ተጠለፈች ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው።

ከዚያው ከካች ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ይህኛው ሆድ ያባባል፣ ያስቃልም። ራባሪ ከሚባሉት አርብቶ አደሮች መካከል አንዱ ወገን ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ብዙ የተጠለፈ ጓዝ ይዛ እንድትሄድ ይጠበቅባታል። ብዛቱ እየጨመረ ሄዶ ልጃገረዶች ጓዙን ሲጠልፉ ዕድሜያቸው እየገፋ፣ ወደ ትዳር ቤታቸው መግባቱ እየዘገየ መጣ። በ1995 የጎሣው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለራስ የሚሆን ጥልፍን ጨርሶ ከለከሉ። እገዳው ለልጃገረዶቹ ሸክም ማቅለሉ አይካድም፤ ግን ሸክሙንና ጥበቡን በአንድ ገመድ አስሮ ነው የጣለው። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ጥልፍ ከተከለከለ ጥብጣብ አልተከለከለም አሉ። በፋብሪካ የተሠራ ጥብጣብና የሚያብረቀርቅ ማስጌጫ እየገዙ፣ በስፌት መኪና ጨርቅ ላይ እያሰለፉ፣ አዲስ ጥበብ ፈጠሩ። ሃሪ ጃሪ ይሉታል። ከነዚህ ሴቶች አንዷ የሆነችው ፓቢቤን ራባሪ በዚህ ሥራ ቦርሳ መሥራት ጀመረች፤ በኋላ በስሟ የሚጠራ የንግድ ድርጅት አቋቋመች፤ ዛሬ ሌሎች ሴቶችን ታሠራለች። ባህል ተለወጠ ብለው የሚያለቅሱ የጥበብ ወዳጆች አሉ። ባህሉን የለወጡት ባለቤቶቹ ስለሆኑ እኔ አላለቅስም።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። ኤላ ባት በጉጃራቷ ትልቅ ከተማ በአሕመዳባድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የሴቶች ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ማኅበሩ የሚያውቀው የፋብሪካ ሠራተኛን ነው፤ እሳቸው ግን በየቤቱ የሚሰፉትን፣ በጭንቅላታቸው ሸክም የሚያመላልሱትን፣ መንገድ ዳር የሚቸረችሩትን ሴቶች አዩ። በ1972 ለእነዚህ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ በምኅጻረ ቃሉ ሴዋ ይባላል፤ ቃሉ በአገሩ ቋንቋ «አገልግሎት» ማለት ነው። የመንግሥት መዝጋቢ ግን አልመዘግብም አለ። ሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪ ጋር የሚከራከር ነው፤ እናንተ አሠሪ የላችሁም፣ ከማን ጋር ልትከራከሩ ነው? የሳቸው መልስ፣ ማኅበር የሚቋቋመው በአሠሪ ላይ ለመነሣት ብቻ ሳይሆን ሠራተኞች እርስ በርስ እንዲተባበሩ ነው የሚል ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንድል የምትጠብቁ አላችሁ። አልልም። ያ ምሳሌ አንበሳው የት እንዳለ ለሚያውቅ ነው። የቤት ውስጥ ጠላፊ አንበሳዋን አታውቀውም፤ የምታውቀው ጨርቅ የሚያመጣላትን ጎረቤቷን ነው። ጎረቤቷ ከደላላ ተቀብላ ነው፤ ደላላው ከነጋዴ፣ ነጋዴው ከላኪ፣ ላኪው ከባሕር ማዶ ሱቅ። ክፍያ ጨምሩልኝ ብትል የምትጣላው ከጎረቤቷ ጋር ነው፤ ጎረቤቷም እንደሷ ድሃ ናት።

የአሕመዳባድን ቁርጥራጭ ሰፊዎች ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ነገሩ የከተማ ነው፤ ትምህርቱ ግን ገጠር ድረስ ይሄዳል። ነጋዴዎች ከፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገዛሉ፤ ሴቶች ያንን እየገጣጠሙ የድሪቶ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፤ በቁጥር ይከፈላቸዋል። ሴቶቹ ክፍያ ይጨመርልን ሲሉ ነጋዴዎቹ በጭቅጭቅ አልደከሙም፤ ቁርጥራጩን ማምጣት አቆሙ። ጨርቅ ከሌለ ሥራ የለም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሁሉም በድሮው ዋጋ ይመለሳል ብለው ነው። ሴዋ ያደረገው ሴቶቹን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅቶ ቁርጥራጩን ራሳቸው እንዲገዙ ማድረግ ነበር። መርፌው ድሮም የሴቶቹ ነበር፤ ልጓሙ የነበረው ጨርቁ ላይ ነው። ስለዚህ አንዲትን ጠላፊ «ራስሽን ችለሻል ወይ?» ከማለት በፊት ክሩን ከማን ነው የምትገዢው ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሴዋ ወደ ባናስካንታ ሄደ። ይህ ከካች ጋር የሚዋሰን ደረቅና ጨዋማ ምድር ነው። የሄዱበት ጉዳይ ውኃ ነበር። ሴቶቹ ግን ውኃ ብቻውን አያኖረንም፣ ገቢ የለንም፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ይዘን ሥራ ፍለጋ እንሰደዳለን አሉ። ያላቸው ሀብት ጥልፍ ነበር። ቡድን ቡድን ሆነው ተደራጁ፤ ናሙና ተሠራ፤ ሰዓት ተለካ፤ ዋጋ ተወሰነ፤ ገዢ ተፈለገ። ከዓመታት በኋላ ሥራቸው በራሱ የንግድ ስም መሸጥ ጀመረ፤ ስሙም «ሃንሲባ» ተባለ፤ ከገጠር ከመጡት ጠላፊዎች የመጀመሪያዋ የሆነችው ሴት ስም ነው። የፋሽን ዓለም የነዳፊዎቹን ስም በወርቅ ይጽፋል፤ የጠላፊን ስም ልብስ ላይ የለጠፈ ግን እምብዛም አላየሁም። እዚያ አካባቢ ለውጡ የሚለካው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ለሥራ ሲባል ሴቶች ከቤት ወጥተው አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ሲሰበሰቡ ያወራሉ፤ ሲያወሩ የዚህኛው መንደር ክፍያ ከዚያኛው ያነሰ እንደሆነ ይታወቃል። ደላላ ከምንም በላይ የሚጠላው ይህን ወሬ ነው።

ኤላ ባትና ጓደኞቻቸው ነገሩን እስከ ጄኔቭ አደረሱት። በ1996 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ውስጥ ሥራ 177ኛውን ስምምነት አወጣ። ጨርቁን ማንም ያቅርበው ማን፣ ቤቷ ተቀምጣ በሌላ ሰው ትእዛዝና ለክፍያ የምትሠራ ሴት ሠራተኛ ናት ይላል። ያጸደቁት አገሮች እስከ ዛሬ ሃያ አይሞሉም። ኤላ ባት በ2022 ሲያርፉ ይህ ቁጥር ብዙም አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ስለ ባንግላዴሽ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ እሱም ስለ ጊዜ ነው። ናክሺ ካንታ የሚባለው ጥልፍ ያረጁ ሳሪዎችን ደራርቦ ከሳሪው ጠርዝ በተመዘዘ ክር መስፋት ነው፤ በቀላል የመርፌ ምልልስ ብቻ ዓሣ፣ አበባ፣ ሰረገላ ይወጣል። ከነጻነቱ ጦርነት በኋላ ብራክ የተባለው ድርጅት በማኒክጋንጅ ገጠር ሴቶችን በእጅ ሥራ አሠማራ። ዕቃው ዳካ ሱቆች ይደርሳል፤ ሱቆቹ ግን የሚከፍሉት ከተሸጠ በኋላ፣ ከወራት በኋላ ነው። ለድሃ ሴት ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም፤ በመካከሉ አራጣ ትበደራለችና። ስለዚህ ብራክ በ1978 አሮንግ የተባለ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ ለሴቶቹ ዕቃውን ሲያስረክቡ ወዲያው ይከፈል ጀመር። ዛሬ አሮንግ በአገሩ ከታወቁት የችርቻሮ ድርጅቶች አንዱ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የንድፍ ስኬት ይመስለዋል። እኔ ግን የክፍያ ቀን ስኬት ነው የምለው።

አሁን ባሕር እንሻገር። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ ሦስት ጎኗን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል ስፍራ አለች። ነዋሪዎቹ የባሪያዎች ዘር ናቸው፤ ብዙዎቹ ፔትዌይ የሚባለውን የባለእርሻውን የቤተሰብ ስም እስከ ዛሬ ይዘዋል። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ልብስ፣ ከዱቄት ከረጢት፣ ከተገኘው ሁሉ ድሪቶ ይሰፋሉ፤ ክረምቱን የሚያልፉት በዚያ ነው። በ1960ዎቹ ጥቁሮች ለምርጫ መመዝገብ ሲጀምሩ ከተማ የሚያሻግረው ጀልባ በ1962 ቆመ፤ እንደገና የሠራው በ2006 ነው። አርባ አራት ዓመት! የተመዘገበ ሰው ከሚያርሰው መሬት ይባረር ነበር። በ1966 ሴቶቹ «የነጻነት ድሪቶ» ልንለው የምንችለውን ማኅበር አቋቋሙ። ፍራንሲስ ዋልተር የተባሉ ቄስ ድሪቶዎቹን ኒውዮርክ ወስደው በጨረታ አሸጡ፤ ኤስቴል ዊዘርስፑን ለብዙ ዓመት ማኅበሩን መሩ። ገንዘቡ ሲጠራቀም ማኅበሩ መሬት ገዛ፤ 23 ኤከር፣ ዘጠኝ ሄክታር ገደማ። ከዚያም ላይ ስለተመዘገቡ ከቤታቸው ለተባረሩ ቤተሰቦች ቦታ ሸጠላቸው። በመርፌ የተገዛ መሬት ላይ የቆመን ሰው ማን ያባርረዋል? ነጻነት የሚለውን ቃል ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይህ 23 ኤከር ነው።

ግን ታሪኩ እዚህ አያልቅም፤ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ትልልቅ ሱቆች ትእዛዝ ሲሰጡ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ ቀጥ ያለ ስፌት እንዲሆን ፈለጉ። የጂስ ቤንድ ውበት ያለው ደግሞ በመጣመሙ ነው። በ1972 ሲርስ ከተባለው የሱቆች ድርጅት ጋር በተደረገ ውል ሴቶቹ የትራስ ልብስ በብዛት ይሰፉ ጀመር፤ ደመወዝ አስገኘ፣ ልብን ግን አላሞቀም። ከዚያ በ2002 በሂዩስተንና በኒውዮርክ ታላላቅ ሙዚየሞች ድሪቶዎቹ እንደ ሥዕል ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆኑ። በ2007 ደግሞ ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ የሚገባንን አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ክርክሩ በቀጣዩ ዓመት ያለ ፍርድ ተዘጋ። ሥራሽ ሙዚየም ገባ ማለት አንቺ ገባሽ ማለት አይደለም። በሥራው ምስል የተሠራው የቡና ኩባያና ምንጣፍ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ሴቶቹ ራሳቸው ማንሣት መቻላቸው ለእኔ ትልቁ እርምጃ ነው፤ ድሪቶ ስትሰፋ ያደገች ሴት ስለ ንድፍ መብት ጠበቃ ስትቀጥር አስቡት።

በንድፍ ነገር ከሁሉ ቀድመው የነቁት ጉና የሚባሉት የፓናማ ነባር ሕዝቦች ይመስሉኛል። ሞላ የሚባለው የሸሚዛቸው ጥልፍ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ተደራርቦ፣ የላይኛው እየተቆረጠ የታችኛው ብቅ እንዲል የሚደረግበት ሥራ ነው። መንግሥት የሴቶቹን አለባበስ ሊያስቀር ሲሞክር፣ በ1925 ጉናዎች ተነሥተው ተዋጉ፤ ከአመፁ ምክንያቶች አንዱ ይህ ሸሚዝ ነበር። ፓናማ በ2000 ባወጣችው 20ኛው ሕግ የነባር ሕዝቦችን የጋራ የጥበብ መብት አወቀች። በ2019 ናይኪ የሞላ ንድፍ ያለበት ጫማ ሊያወጣ ሲል ጉናዎች ተቃወሙ፤ ጫማው ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ሜክሲኮም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት በ2015 የኦሃካዋ የትላሁይቶልቴፔክ ማኅበረሰብ ሸሚዙ በፈረንሳይ ነዳፊ ስም ሲሸጥ አይቶ ድምፁን አሰምቶ ነበር። ሕግ መኖሩ ብቻ ጠላፊዋን አያበላትም፤ ግን «ተ»ዋን ለማስወጣት የሚያገለግል አንድ መቀስ ነው።

የዓይንና የወገብ ነገርም አለ፤ አልረሳሁትም። በደካማ ብርሃን ሃያ ዓመት የጠለፈች ሴት ዓይኗ ሲደክም ጡረታ የላትም። ከትምህርት ቤት ቀርታ ከእናቷ ጎን የምትጠልፍ ልጅም አለች፤ የእናቲቱ ዋጋ ሲያንስ የልጅቱ ጣት ይጨመራልና። ስለዚህ ባህሉ እንዳይጠፋ ልጆች ይማሩ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከምን ሰዓት ላይ ቀንሰው ነው የሚማሩት እላለሁ።

ስለ ባልም ሳልናገር አልቀመጥም፤ አዳራሹ ውስጥ ባሎች አላችሁ። ሴት በጥልፍ ያገኘችው ገንዘብ እጇ ገብቶ እጇ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? እዚህ ላይ ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ከጥልፍ የወጣ አይደለም፤ ከባንክ ነው። የሴዋ አባላት ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት ስፍራ አልነበራቸውም፤ ባንኮቹ ዐሥር ሳንቲም ይዛ የመጣችን ሴት አያስተናግዱም። በ1974 አራት ሺህ ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ባንክ አቋቋሙ። ችግሩ መሥራቾቹ ሰነዱ ላይ መፈረም ነበረባቸው፤ መጻፍ አይችሉም። መዝጋቢው ፊደል የማያውቁ ሴቶች ባንክ ሊከፍቱ አይችሉም የሚል ነበር። ሴቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው የገዛ ስማቸውን መጻፍ ሲለማመዱ አደሩ። በነጋታው ፈረሙ።

ለሌሎቹ አባላት ደግሞ ሌላ ዘዴ ተበጀ። ፊርማ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ያወጣል፤ ግን አሻራን በዓይን አይቶ መለየት ለገንዘብ ከፋዩ አይቻለውም። ስለዚህ የቁጠባ ደብተሩ ላይ የሴቲቱ ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ደብተሩን ባሏ ቢያገኘው፣ ወንድሟ ቢያገኘው፣ አማቷ ብታገኘው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ከፋዩ ቀና ብሎ ፊታቸውን ያያል፤ ከዚያ ፎቶውን ያያል፤ ከዚያ ደብተሩን ይመልስላቸዋል።